ለመምሬ የሰጠሁት ዱቄት

ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሰዉ ግን እስካሁን መንገድ ላይ እያስቆመ ስለ ሆዱ ያማክረኛል። ባለፈው ደብረ ማርቆስ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት ሴት ክርኔን ያዝ አድርጋ ስልኳን አወጣች። «እትዬ፣ ይችን ዱቄት ያውቋታል? የሆድ ድርቀትን ድራሹን ታጠፋለች ይላሉ» አለችኝ። ስልኩ ላይ አንድ ጎረምሳ ብርጭቆ እያማሰለ ይስቃል። ዱቄቷንማ አውቃታለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ መድኃኒት ስሰጥ እንደሷ በእጄ የተመላለሰ ነገር ጥቂት ነው። ሽንኩርቱን አስቀምጬ እዚያው ቆሜ ጥያቄዬን አወረድኩባት፤ ውሃ ትጠጫለሽ ወይ፣ ሆድሽ ይነፋል ወይ፣ አየር ይወጣሻል ወይ። ሽንኩርት ሻጩ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሲሰማ ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ኧረ እትዬ፣ በገበያ መሃል ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!» አለች። እኔ አልሳቅሁም። ይህንኑ ጥያቄ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው ሳልጠይቅ ቀርቼ የሆነውን አውቃለሁና።

ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የጻፈውን አንብቤ፣ ክኒኑን ቆጥሬ፣ አወሳሰዱን አስረድቼ የምሰጥ፣ ከመስኮቱ ጀርባ የምቀመጥ ሰው ነበርኩ። ሥራ የጀመርኩት ደምበጫ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። ኮርሴን ጨርሼ ስመጣ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የመድኃኒቱን ስም ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሌ እደግመዋለሁ። የመድኃኒት ክፍሉን የያዙት ጋሽ ይስማው ድሮ ድሬሰር ከሚባሉት፣ ቁስል በማጠብ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቴን እንኳ አላዩም። አንድ አሮጌ በርጩማ ሰጡኝና «ይችን ወልውለሽ ከመስኮቱ ወዲህ አስቀምጫት። ሆዱን ያመመው ሰው ቆሞ አይናገርም» አሉኝ። እኔም ለዚህ ነው ወይ የተማርኩት ብዬ እየተነጫነጭኩ ወለወልኳት።

ሆዴ ደረቀ ብሎ የመጣን ሰው ጋሽ ይስማው ወደ ውስጥ ያስገቡትና በርጩማዋ ላይ ያስቀምጡታል። መስኮቱን ይዘጋሉ። የተሰለፈው ሰው ከውጭ ቢያጉረመርም ግድ የላቸውም። ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ይጀምሩና ሰውዬው ሳያውቀው ወደ ሆዱ ይወርዳሉ። ጧት ሲነሣ ምን እንደሚቀምስ፣ ውሃ ስንት ጣሳ እንደሚጠጣ፣ ሜዳ ከወጣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ሆዱ ይነፋ እንደሆነ ይጠይቁታል። በመጨረሻ አየር ይወጣው እንደሆነ ይጠይቃሉ። እችን ሲጠይቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ አይዘልሏትም።

ያን ጊዜ ለድርቀት የሚሰጠው የፋይበር ዱቄት ከከተማ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። የዘር ገለፈት ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና እንደ ተልባ ልጋጋም ይሆናል፤ አንጀት ውስጥ የደረቀውን አለስልሶ ይዞት ይወጣል። ጋሽ ይስማው ለሰው ሁሉ በዓይኑ ያሳዩታል። በአንድ ብርጭቆ ጥቂት ውሃ፣ በሌላው እስከ አፉ ሞልተው በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ማንኪያ ዱቄት ይጨምራሉ። ጥቂት ቆይተው ውሃ ያነሰውን ብርጭቆ ይገለብጡታል፤ አንድም ጠብታ አይወርድም፤ ዱቄቱ እንደ ጭቃ ተጣብቆ ይቀራል። «ውሃ ከነፈጉት ሆድዎ ውስጥ ይኸን ነው የሚሆነው» ይላሉ። ከዚያ የሞላውን ብርጭቆ ሰጥተው እፊታቸው ያስጠጡታል። የመጀመሪያዋን ማንኪያ እዚያው ሳያስጠጡ ማንንም አያሰናብቱም።

«ያገራችን ገበሬ አሰር፣ ያ ፋይበር የምትሉት፣ አልጎደለውም» ይሉኝ ነበር። «ቆሎው አሰር ነው፣ ሽምብራው አሰር ነው። ውሃውን ነው የማይጠጣው። ለምን እንደማይጠጣ ሳታውቂ ዱቄት ብትሰጭው ምን ይረባዋል?»

አንድ የገበያ ቀን የፈረሱን ልጓም አጥሩ ላይ አስሮ አንድ ጎልማሳ መጣ። በርጩማዋ ላይ ሲቀመጥ ፊቱን አጨማደደ። ጋሽ ይስማው ሁሉን ጠይቀው መጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ሰውዬው ዞሮ እኔን አየ።

«ይች ልጅ ባለችበት?» አለ።

«እፍረቱን ለኔ ተውልኝ። አንተ መልሱን ብቻ ስጠኝ» አሉት።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም።»

ጋሽ ይስማው ማንኪያውን አስቀመጡ። ሆዱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉትና ምንም ሳይሰጡት፣ ሆስፒታል እንዲደርስ ወደ ማርቆስ በሚሄድ አይሱዙ፣ ከሾፌሩ ጎን አሳፈሩት። አንጀቱ ታጥፎ ኖሯል። በዚህ በደጋው አገር ብዙ ሰው ያጋጥመዋል፤ አንጀት በራሱ ላይ ይጠመዘዝና መንገዱ ይዘጋል። ሰውዬው ከሳምንታት በኋላ ከስቶ ግን በእግሩ እየሄደ፣ አንድ ቁና ሽምብራ ይዞ መጣ። ጋሽ ይስማው ሽምብራውን ለዘበኛው ሚስት አስወሰዱና ወደ እኔ ዞሩ። «መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ያን የሚያብጥ ዱቄት ብንጨምርበት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አሉኝ። «ይፈነዳ ነበር» አልኩ።

ከደምበጫ ወደ አማኑኤል ከተማ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያ ኃላፊዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ ቅጹ ከተሞላለት በሽተኛው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም። እኔ የራሴን በርጩማ አስሠርቼ የጋሽ ይስማውን ሥራ ቀጠልኩ። መጀመሪያ ሰዉ ሸሸኝ። አንዲት አሮጊት «ይች ደግሞ ምን ታፍራለች!» ብለው ክኒናቸውን ጥለውብኝ ሄዱ፤ በሳምንቱ ግን የእህታቸውን ልጅ ይዘው ተመለሱ። እያደር ስሜ ሁሉ ቀረና «ጠያቂዋ» ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ልጆቼ ለትምህርት ሲደርሱ የመንግሥቱን ሥራ ለቅቄ ማርቆስ ገባሁና በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ ሻል ይላል፤ ወረፋው ግን ይብሳል። በርጩማዋን ከመጋረጃ ጀርባ አኖርኳት።

እንግዲህ መምሬ ጥሩነህን ላስተዋውቅ። የንስሐ አባቴ ናቸው። ከማርቆስ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ያገለግሉ ነበር። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ አርባውን እስካወጣ ከቤቴ አልተለዩም። ለአማቴ ክፉ የተመኘሁበትን ቀን ሳይቀር የነገርኳቸው ሰው ናቸው። ከቅዳሴ ሌላ የሚወዱት ነገር አላውቅም። ሌላው ካህን ሲደክመው፣ ሲያመው፣ ለቅሶ ሲሄድ እሳቸው ይገባሉ። በሁዳዴማ ሳምንቱን ሙሉ እሳቸው መቅደስ ውስጥ ናቸው ይባል ነበር። ድምፃቸው የወፈረ አይደለም፤ ግን ሲያዜሙ ሰው አያወራም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሁዳዴ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ግድም ወደ መድኃኒት ቤቱ ገቡ። መደብሩ ጢም ብሎ ነበር። ሰዉ ሁሉ መንገድ ለቆላቸው መስቀል ተሳለመ። እኔም ከባንኮኒው ወጥቼ ተሳለምኩ። ጎንበስ ብለው በክርስትና ስሜ ጠርተው በጆሮዬ «ወለተ ሥላሴ፣ ሆዴ ደርቋል። ያን ለሰው የምትሰጭውን ዱቄት እስቲ ስጭኝ» አሉኝ።

«ስንት ቀን ሆነዎት አባቴ?»

«ሰንብቷል።»

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። መጋረጃውን ገልጬ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ማለት ነበረብኝ። በርጩማዋን አየኋት። እሳቸውን እዚያች ላይ አስቀምጬ፣ ያን የሚባርከኝን እጅ አጠገቤ አድርጌ፣ አየር ይወጣዎታል ወይ ልላቸው ነው?  የራሴን ኃጢአት አንድ ሳላስቀር የምዘረግፍላቸው ሰው፣ ስለ አንጀታቸው አንድ ቃል መጠየቅ አቃተኝ። ግራ እጃቸው ከጋቢው ሥር ሆዳቸው ላይ እንደነበር አይቻለሁ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ።

እፊቴ ላስጠጣቸውም አልቻልኩም፤ ጾም ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። ስለዚህ በአፌ ብቻ አስረዳሁ። «አንድ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው፣ ሳይወፍር ቶሎ ይጠጡት። ከዚያ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ይጨምሩበት» አልኳቸው።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነዋ።»

«አዎ አባቴ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ።»

ባረኩኝ፤ ወጡ። ወረፋ ሳላስጠብቅ፣ ሳላሳፍር ሸኘኋቸው ብዬ ደስ ብሎኝ እንደነበርም አስታውሳለሁ። 

በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው እትዬ አበባ በባጃጅ መጡ። ከባጃጁ ሳይወርዱ «ነይ ቶሎ! አባትሽ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ያስመልሳቸዋል» አሉኝ።  ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ባጃጁ ላይ ወጣሁ። መንገድ ላይ እትዬ አበባ ያልጠየቅሁትን ሁሉ ነገሩኝ። መምሬ ከዓመት ዓመት ውሃ አይጠጡም። ቅዳሴ የገባ ካህን እስኪያልቅ ከመቅደስ አይወጣምና፣ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ከማታው ጀምረው ውሃ ይተዋሉ። ዱቄቱንም በትልቅ ብርጭቆ አልበጠበጡትም። ለነገ ቅዳሴ ውሃ እንዳይበዛባቸው ብለው፣ ማታ በሶ ሲያሹ ከበሶው ጋር ቀላቅለው በጭብጦ በልተውታል።

ለምን ውሃ እንደማይጠጡ ብጠይቃቸው ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር እሰማው ነበር።

ሆስፒታል አደረስናቸውና የዚያኑ ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። አንጀታቸው ታጥፎ ነበር፤ የታጠፈውም ጠቁሯል። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ ተቆጥቶ አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንጀቱ ቀደም ሲልም እየታጠፈ ይፈታ እንደነበር፣ ዱቄቱ ብቻውን ያመጣው እንዳልሆነ፣ ግን የዱቄት ሰዓት እንዳልነበር አስረዳኝ። «ያኔውኑ ወደኛ ቢመጡ ሳይቀደዱ በቱቦ ብቻ ሊፈታላቸው ይችል ነበር» አለኝ። የሞተውን አንጀት ቆርጠው የቀሪውን ጫፍ በጎናቸው በኩል አወጡት። ከዚያ ወዲህ ሰገራቸው ጎናቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው የሚወርደው። በሌላ ቀዶ ጥገና ይመለሳል ተብሎ ነበር፤ ልባቸው ማደንዘዣውን አይችልም ተባለና በዚያው ቀረ።

መምሬ ዳኑ። መቅደስ ግን አልገቡም። ማንም አትግቡ አላላቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የወሰኑት። «እኔ እንዲህ ሆኜ ከታቦቱ ፊት አልቆምም» አሉና ልብሰ ተክህኗቸውን ለደብሩ መለሱ። ከዚያ ጀምሮ ቅዳሴ ሲቀደስ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከአንድ ጽድ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ከውጭ ያስቀድሳሉ።

እኔ ምን አደረግሁ? ከረጢት አመላለስኩላቸው። እትዬ አበባን አጥቦ መለጠፍ አስተማርኳቸው፤ ቆዳው እንዳይላጥ ዙሪያውን እንዴት እንደሚያደርቁት አሳየኋቸው። መምሬ እስክጨርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሥራውን ንጹሕ አድርጌ ሠራሁት፤ የምናገረውን ግን አልተናገርኩም። በየጊዜው ንስሐ እገባለሁ፤ ተቆጣሁ እላለሁ፣ ጾም ገደፍኩ እላለሁ። ያችን አንዷን ግን እዘላት ነበር። ለራሴም አንድ ማምለጫ ነበረኝ። እሳቸውን የመሰለ ጨዋ ሰው ብጠይቃቸውም አይነግሩኝም ነበር፤ ጠየቅሁ አልጠየቅሁ ያው ነበር እል ነበር። ያን ይዤ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ የነበረው። ጋሽ ይስማው ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ አለመኖራቸውንም እንደ ዕድል ቆጠርኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ማሰቤም ያሳፍረኛል።

ጡረታ ስወጣ የመድኃኒት ቤቱ ሰዎች ሽኝት አደረጉልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ኬክ ቆረስን። ባለቤቱ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። «እሷ ሰው ሳትጠይቅ መድኃኒት ሰጥታ አታውቅም» አለና አስጨበጨበልኝ። እኔ ጋቢውን ፊቴ ድረስ ስቤ አለቀስኩ። ሰዉ መለየቱ ነው ያስለቀሳት ብሎ አባበለኝ። በዚያ ሳምንት ከእንግዲህ በዚህ ውሸት ላይ አልተኛም አልኩና ወደ ደብሩ ሄድኩ።

እሑድ ጧት ነው፤ ቅዳሴ ገና አልገባም። መምሬ ከጽዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ተሳልሜ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«ተናገሪ ልጄ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ያን ቀን ዱቄቱን ስሰጥዎት መጠየቅ የነበረብኝን አልጠየቅሁዎትም። ሆድዎ ይነፋ እንደሆነ፣ አየር ይወጣዎት እንደሆነ፣ ውሃ ይጠጡ እንደሆነ። ሌላውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። እርስዎን አፈርኩ።»

መምሬ መስቀሉን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ይኸን ነው እስከ ዛሬ የያዝሽው?»

«አዎ አባቴ። ብጠይቅዎትም አይነግሩኝም ነበር እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ።»

«እነግርሽ ነበር» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። የቁጣ ፊት አልነበራቸውም፤ እንዲያውም የሚያዝኑልኝ ይመስሉ ነበር።

«ቤቴ አጠገብ መድኃኒት ቤት አለ፤ ታውቂው የለ? እሱን አልፌ አንች ዘንድ ድረስ ለምን የመጣሁ ይመስልሻል? ሆዴ ከገና ጀምሮ እየተነፋ ይለቀኝ ነበር። ለሐኪም ልናገር ብል አፌ እንቢ አለኝ። እሷ እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ከጠየቀችኝ እመልሳለሁ ብዬ መጣሁ።» ወደ መቅደሱ አየት አደረጉና ቀጠሉ። «አንች ዱቄቱን ሰጠሽኝ። ሳትጠይቂኝ ስትቀሪ፣ እንግዲያማ የሚያሰጋ ነገር ባይሆን ነው ብዬ ልቤ አርፎ ሄድኩ።»

 ያችም ማምለጫዬ እዚያው ቀረች። መምሬ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምንም አልሰጡኝም።

ከውስጥ ቅዳሴው ተጀመረ። መምሬ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ እኔም ከጎናቸው ቆምኩ። ካህኑ ከመቅደስ ሲያዜሙ ሕዝቡ ይመልሳል። መምሬ ግን ከሕዝቡ ጋር አልመለሱም፤ ከንፈራቸው ካህኑ ሲያዜሙ ይንቀሳቀስና ሕዝቡ ሲመልስ ዝም ይላል። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ የካህኑን ድርሻ እያሉ ነበር።